በባዶ ሆድ የማይፈረድበት ወይን ጠጅ

በፒዬሞንቴ ስሙ የገነነው ወይን ጠጅ ባሮሎ ነው፤ የአገሩ ሰው ከራቱ ጋር የሚቀዳው ግን ባርቤራ። ይህን የምለው ከጓዳ በኩል ሆኜ ስለማየው ነው። ቶሪኖ ከተማ ውስጥ በአንዲት ፒዮላ፣ ማለትም የሰፈር ሰው በሚበላባት ትንሽ ምግብ ቤት፣ ምድጃ ላይ እሠራለሁ። ማታ ገበታ ሲነሳ ወደ ጓዳ የሚመለሱት ባዶ ጠርሙሶች የማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶቼ ግን ገና ወንበር ሳይስቡ «ባሮሎ አላችሁ?» ይሉኛል። አለን። ሆኖም ምን እንደሚበሉ ሳይነግሩኝ ጠርሙስ እንዲያስከፍቱ አልመክራቸውም።

ባርቤራን ምግብ ሳይቀርብ የቀመሰ ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱን ቋጠር ያደርጋል። ይኮመጥጣልና። አንዳንዱማ «ተበላሽቶ ይሆን?» ብሎ ብርጭቆውን ደግሞ ያሸታል። አልተበላሸም፤ ኮምጣጣነቱ የተፈጥሮው ነው። ቅቤ፣ ዘይት፣ ስብና ጨው በሚበዛበት ገበታ ላይ ግን ያው ኮምጣጣነት ሥራ ያገኛል፤ አፍን ያጥባል፣ ቀጣዩን ጉርሻ ያስናፍቃል። ስለዚህ ባርቤራ ከምግብ ተነጥሎ ሊመዘን አይገባም ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ወይኑንም ምግቦቹንም እያነሳሁ ላስረዳ።

ኮረብታውና ፍሬው

ፒዬሞንቴ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን የሚገኝ ክልል ነው። ከቶሪኖ ወደ አስቲ በባቡር ሲሄዱ ሰዓት ሳይሞላ ሜዳው ያልቅና የሞንፌራቶ ኮረብቶች ይጀምራሉ። ኮረብታው ሁሉ በወይን ረድፍ የተተለተለ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ መንደር፣ በመንደሩ መሐል የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ይታያል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የሞንፌራቶና የላንጌ የወይን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ኒዛ ሞንፌራቶ የተባለችውን ከተማ ከነባርቤራዋ አንድ ክፍል አድርጎ አስገብቷታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባርቤራ የፍሬው ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የቦታው። ጠርሙሱ «ባርቤራ ዳስቲ» ካለ በአስቲ ዙሪያ፣ «ባርቤራ ዳልባ» ካለ በአልባ ዙሪያ የበቀለ ነው። «ባርቤራ ዴል ሞንፌራቶ» ደግሞ ሦስተኛው ወንድማቸው ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ለስለስ ያለ ጋዝ ይዞ ይመጣል። ሦስቱም «ዶክ» የሚባለውን የትውልድ ቦታ ማረጋገጫ ያገኙት በ1970 ነው። ባርቤራ ዳስቲ በ2008 «ዲኦቺጂ» ወደሚባለው ከፍተኛው ደረጃ አደገ። በ2014 ደግሞ የኒዛ አካባቢ ራሱን ችሎ «ኒዛ» በሚል ስም ወጣ።

ፍሬው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ የሚበስለውም ዘግይቶ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ገደማ ነው። አብዛኛው የወይን ፍሬ በበሰለ ቁጥር ስኳሩ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ባርቤራ ግን በስሎም፣ ፀሐይ ጠግቦም አሲዱን አይለቅም። በአንጻሩ ታኒን ያንሰዋል። ታኒን ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣ ነገር ሲሆን፣ ብዙ የቆየ ሻይ አፍ ውስጥ እንደሚተወው ያለ መድረቅ ያመጣል። ባሮሎ የሚጠመቅበት ኔቢዮሎ የተባለው ፍሬ ይህ ታኒን በብዛት አለው። ባርቤራ ቀለሙ ደማቅ፣ ኮምጣጣነቱ ብዙ፣ ታኒኑ ጥቂት ነው። ከምግብ ጋር የሚስማማበት ምክንያት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ከሠራተኛ መንደር እስከ ምርጥ በርሜል

ባርቤራ ለረጅም ጊዜ የድሃ ወይን ጠጅ ነበር። ብዙ ስለሚያፈራ ገበሬው ይወደዋል፤ በአልባ በኩል ግን ፀሐይ የሚያገኘውን ምርጥ ተዳፋት ለኔቢዮሎ ሰጥቶ የተረፈውን ለባርቤራ ይተውለት ነበር። የቶሪኖ የመኪና ፋብሪካዎች በሚያብቡበት ዘመን ደግሞ የሠራተኛው መጠጥ ሆነ። በትልልቅ ጠርሙስ ወደ ቤት ይገባል፤ በፒዮላዎችም እግር በሌላት ተራ ብርጭቆ ይቀዳል።

ስሙን ክፉኛ የጎዳው ግን በ1986 መጋቢት ላይ የተሰማው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ርካሽ ወይን ጠጅ የሚሸጠው በአልኮል ዲግሪው ተለክቶ ነበር። የጣሊያን ሕግ ደግሞ ዲግሪ ለማሳደግ ስኳር መጨመርን ይከለክላል። ጥቂት አጭበርባሪዎች በርካሽ የሚገኘውን ሜታኖል ቀላቀሉበት። ሜታኖል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጥና የዓይን ነርቭን ይጎዳል፤ ሲበዛ ይገድላል። በሰሜን ጣሊያን 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ዓይናቸውን ያጡም ነበሩ። ከተመረዙት ጠርሙሶች መካከል ባርቤራ ተብለው የተሸጡ ስለነበሩ ንጹሑ ገበሬም አብሮ ዕዳ ከፈለ፤ የጣሊያን ወይን ጠጅ የውጭ ሽያጭም አሽቆለቆለ። ዛሬ በዲኦቺጂ ጠርሙስ አንገት ላይ የምታዩት ቁጥር የተጻፈበት የመንግሥት ወረቀት ጌጥ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ከየት እንደመጣ ተከታትሎ ማወቅ የሚቻለው በእርሱ ነው።

ከመርዙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ግን ሮኬታ ታናሮ በምትባል መንደር አንድ ሰው ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር። ጃኮሞ ቦሎኛ ይባላል፤ ብራይዳ የተባለው የቤተሰብ ጠመቃ ቤት ባለቤት ነው። በ1982 ከለቀመው ምርጥ ባርቤራ ከፊሉን 225 ሊትር በሚይዝ ትንሽ የፈረንሳይ ኦክ በርሜል ውስጥ አስቀመጠው። ጎረቤቱ ሁሉ ለኔቢዮሎ እንጂ ለባርቤራ ይህን ያህል ወጪ ማውጣት እብደት ነው ሊል ይችል ነበር። ሐሳቡ ግን ቀላልና ብልህ ነው፦ ፍሬው የሚያንሰውን ታኒን እንጨቱ ያበድረዋል፣ ኮምጣጣነቱንም ያለዝብለታል። «ብሪኮ ዴሉቼሎኔ» የተባለው ይህ ወይን ጠጅ ባርቤራ እንደ ታላላቆቹ ለዓመታት መቀመጥ እንደሚችል አሳየ። ሜታኖሉ ስማቸውን ያጠፋባቸው አምራቾችም ከብዛት ይልቅ ጥራትን መከተል እንደሚያዋጣ ከእርሱ ተማሩ። ቦሎኛ በ1990 አረፈ፤ ቤተሰቡ ሥራውን ቀጥሏል።

ደንቡም አብሮ ጠበቀ። ተራው ባርቤራ ዳስቲ ከአንድ ሄክታር እስከ 9 ቶን ፍሬ ሊሰበሰብለት ይችላል፤ ለኒዛ የተፈቀደው 7 ቶን ብቻ ነው። ኒዛ ሙሉ በሙሉ ከባርቤራ የሚጠመቅ ሲሆን፣ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 18 ወር ይቆያል፤ ከዚህም 6ቱን ወር በእንጨት ውስጥ። «ሱፔሪዮሬ» የሚል ቃል የተጻፈበት ባርቤራ ዳስቲ ደግሞ 14 ወር ይቀመጣል።

ነጭ ሽንኩርትና ዓሣ ሲገናኙ

አሁን ወደ ምድጃው ልመለስ። ባርቤራን ካለ እርሱ ማሰብ የማይቻለው የአስቲ ምግብ ባኛ ካውዳ ነው። የሚሠራው ከሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከወይራ ዘይትና አቹጋ ከምትባል በጨው የተቀመጠች ትንሽ የባሕር ዓሣ። ባሕር የሌለው አገር ዓሣውን ከየት አመጣው ብትሉ፣ በጨው ንግድ መንገድ ከሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ ነው። የተራራማው የማይራ ሸለቆ ገበሬዎች ክረምት ሲገባ እርሻቸውን ትተው አቹጋ በጋሪ እየገፉ ከመንደር መንደር ይሸጡ ነበር።

ባኛ ካውዳ የወይን ለቃሚ ምግብ ነው። የዓመቱ ሥራ አልቆ አዲሱ ወይን ሲቀመስ፣ በኅዳር ብርድ፣ ሁሉም አንድ ማሰሮ ከብቦ ይበላዋል። ከእኛ ማዕድ ጋር በጣም የሚቀራረብበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ብቻውን የሚበላ ሰው አያምርበትም።

አሠራሩን ያሳዩኝ የምግብ ቤታችን ባለቤት እናት ናቸው፤ ሁላችንም ማዳማ እንላቸዋለን። ልኩ ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት ነው። አዎ፣ ሙሉ ራስ። እያንዳንዱ ፍንካች ለሁለት ይከፈልና መሐሉ ያለችው አረንጓዴ ቡቃያ ትወጣለች፤ ሆድ የምታውከው እርሷ ናት ይላሉ ማዳማ። ከዚያ በስሱ ይከተፍና በሸክላ ድስት ከትንሽ ዘይት ጋር በጣም ለስላሳ እሳት ላይ ይቀመጣል። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ ሽንኩርቱ ይለሰልሳል እንጂ አይቁላላም። «ቀላ ካለ ደፍተሽ እንደገና ጀምሪ» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳይነቅሉ። አቹጋዋ ጨዋ ይራገፍና በቀይ ወይን ጠጅ ታጥባ፣ አጥንቷ ወጥቶ፣ ደርቃ ትገባለች። በእንጨት ማንኪያ ቀስ እያሉ ሲያማስሏት ትሟሟለች። የቀረው ዘይት ይጨመርና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይንተከተክ ይቆያል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው ቡናማ፣ ወፍራም፣ ሽታው ከበር የሚቀበል ማጥቀሻ ነው።

ገበታ ላይ የሚቀርበው ፉዮት በምትባል ከሥሯ ሻማ በሚበራባት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ነው። የሚጠቀሰው አትክልት ነው፦ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ የተቀቀለ ድንች። ከሁሉ የሚከበረው ግን የኒዛው ካርዶ ጎቦ ነው። ይህ ከእሾህ ዘር የሆነ አትክልት ጎንበስ ተደርጎ አፈር ይለብሳል፤ ብርሃን ሲያጣ ይነጣል፣ ምሬቱን ትቶ ጣፋጭና ለስላሳ ይሆናል። ማጥቀሻው ሊያልቅ ሲል ከሥሩ በቀረው ዘይት ላይ እንቁላል ይሰበርና ይጠበሳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወውና፣ ቅቤ ሳይገባበት እንዲህ የሚያጠግብ የአትክልት ምግብ ብዙ አላውቅም።

አሁን ለዚህ ምግብ ወይን ጠጅ ምረጡ። ታኒን የበዛበት ቀይ ካመጣችሁ ከዓሣውና ከጨው ጋር ተጋጭቶ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል። ለስላሳ ነጭ ወይን ካመጣችሁ ነጭ ሽንኩርቱ ይውጠዋል። ባርቤራ ግን ታኒኑ ጥቂት ስለሆነ ከዓሣው ጋር አይጣላም፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ዘይቱን ከምላስ ላይ ይጠርጋል። ያ በባዶ ሆድ ፊት ያስቋጠረው ወይን ጠጅ እዚህ ገበታ ላይ የፍሬ ጣዕሙ ይወጣል፤ ቼሪ፣ ፕሪም፣ ጥቁር እንጆሪ። ወይኑ አልተለወጠም። ከጨውና ከዘይት በኋላ የሚቀምሰው አፍ ነው የተለወጠው።

ጥሬ ሥጋ፣ ቅቅልና ጥብስ

ኢትዮጵያውያን እንግዶቼን ሁልጊዜ የሚያስደንቃቸው ፒዬሞንቴዎች ጥሬ ሥጋ መብላታቸው ነው። በአልባና በአስቲ ጥሬ ሥጋ የበዓልም የዘወትርም ምግብ ነው። ከብቱ የፒዬሞንቴ ዝርያ ሲሆን ሥጋው ፋሶና ይባላል። በተፈጥሮው ጡንቻው የበዛ፣ ስቡ ግን በጣም ያነሰ፣ ቀይ ሥጋ ነው። ባቱታ የሚባለው አሠራር በቢላ እየመቱ በደቃቁ መክተፍ ነው፤ በማሽን የተፈጨ እንደሆነ የአገሩ ሰው ወዲያው ያውቃል። ቅመሙ ጨው፣ የወይራ ዘይት፣ ሲወደድ ትንሽ ሎሚ ነው። አንዳንዱ ሳህኑን በነጭ ሽንኩርት ያሸዋል። በጥቅምትና በኅዳር የአልባ ነጭ ትራፍል ሲወጣ በላዩ በስሱ ይላጥበታል። አንድ ወዳጄ አንዴ ቀምሶ «ክትፎው ጥሩ ነው፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ረስተውበታል» ብሎኛል።

ለዚህም ባርቤራ ይስማማል፤ ምክንያቱ ግን ከባኛ ካውዳው የተለየ ነው። ስብ የሌለው ጥሬ ሥጋ ጣዕሙ ስስ ነው። ታኒን የበዛበት ወይን የሚይዘው ስብ ስለሚያጣ ምሬቱ ጎልቶ ይሰማል፤ የሥጋውንም ጣዕም ይጋርደዋል። የሚስማማው በእንጨት ያልቆየ ወጣት ባርቤራ ነው፤ ሎሚው የሚሠራውን ሥራ ያግዛል እንጂ ሥጋውን አይሸፍንም።

ቀጥሎ ፓስታው ይመጣል። አኞሎቲ ዴል ፕሊን ትናንሽ፣ በጣት ቆንጠጥ ተደርገው የተዘጉ ከረጢቶች ናቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ የጥጃ፣ የአሳማ ወይም የጥንቸል ጥብስ ተፈጭቶ ይገባል። በጥብሱ መረቅ ይቀርባሉ። በአንዳንድ ቤት ደግሞ ከፈላው ውኃ ወጥተው በቀጥታ ባርቤራ በተቀዳበት ሳህን ይጨመሩና ከነወይኑ በማንኪያ ይበላሉ። ለማየት ያስገርማል፤ ብርድ ላይ ግን የሚያህለው የለም።

ቦሊቶ ሌላው ነው። በእኛ ቋንቋ ቅቅል ልንለው እንችላለን፤ የበሬው ብዙ ብልት፣ ምላስና ዶሮም አንዳንዴ ተጨምሮበት፣ ለሰዓታት ይቀቀላል። መረቁ ለብቻ፣ ሥጋው ለብቻ ይቀርባል። ከጎኑ ያለው አረንጓዴ ማባያ ከፐርስሜሎ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከአቹጋና በኮምጣጤ ከራሰ ዳቦ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ የምግብና የወይን ጋብቻ አንዱን ዋና ደንብ ማየት ይቻላል፦ ምግቡ ከወይኑ ይበልጥ ከኮመጠጠ ወይኑ ሕይወት አልባ ይሆናል። ኮምጣጤ ያለበትን ማባያ ችሎ የሚቀመጥ ቀይ ወይን ጥቂት ነው። ባርቤራ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

ብራዛቶ ለሚባለው ወይን ውስጥ ለሚበስለው የበሬ ሥጋ ግን ጎምላላውን ባርቤራ እመርጣለሁ። ሥጋው ከካሮት፣ ከሽንኩርት፣ ከጥብስ ቅጠል፣ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር ወይን ውስጥ ያድርና ሦስት ሰዓት ያህል በለሆሳስ ይበስላል። ለድስቱ ተራውን ባርቤራ፣ ለብርጭቆው ኒዛ ወይም ሱፔሪዮሬ እንጠቀማለን። ከራት በኋላ የተረፈው ወይን ከአስቲ በስተደቡብ ካሉት ኮረብቶች ከሚመጣው የፍየል አይብ፣ ከሮካቬራኖ ሮቢዮላ ጋር ያልቃል። ጣፋጭ ሲቀርብ ግን ባርቤራ ይነሣ፤ ከስኳር ጋር አይሆንለትም።

የእኛ ገበታ ላይ

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ዶሮ ወጥስ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቶሪኖ በሚገኘው ቤቴ የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

እንጀራችን ራሱ ይኮመጥጣል። አሁን የጠቀስኩት ደንብ ስለዚህ እኛንም ይመለከተናል፤ ለስለስ ያለ ቀይ ወይን ከእንጀራ ጋር ሲጠጣ ውኃ ውኃ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ባርቤራ ከእንጀራ አያንስም። የበርበሬ ማቃጠልን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አልኮልና ታኒን ማቃጠሉን ያባብሱታል፤ ለዶሮ ወጥ 15 ዲግሪ የደረሰ፣ እንጨት እንጨት የሚል ጎምላላ ጠርሙስ አትክፈቱ። 13 ዲግሪ ገደማ የሆነ ተራ ባርቤራ፣ ቀዝቀዝ ተደርጎ፣ ይበቃል። ከለብ ለብ ክትፎ ጋር ደግሞ በጣም የተዋጣለት ነው፤ ንጥር ቅቤው የሚፈልገውን ኮምጣጣነት በደንብ ይሰጠዋል። ቁርጥ ወዳጅ ከሆናችሁ አዋዜውን ቀነስ አድርጉለት።

ስለ አቀራረቡ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ወጣቱ ባርቤራ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ቢጠጣ ይመረጣል፤ ሞቃት ቤት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት። ኒዛና ሱፔሪዮሬ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ይበሉ። የተከፈተ ጠርሙስ ቡሹ ተደፍኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ «ባርቤራ ዳስቲ» የሚለውን ከአንገቱ ወረቀት ጋር፣ ቀጥሎ ዓመቱን ተመልከቱ። ተራው ከተለቀመ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ደስ ይላል። ኒዛው ከዚያም በላይ ይታገሣል።

ባሮሎ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጊዜ ላለው፣ ብርጭቆውን ይዞ በእርጋታ ለሚቀመጥ ሰው ትልቅ ወይን ጠጅ ነው። ነገር ግን ለአንድ ባሮሎ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥሩ ባርቤራና የአንድ ራት ሥጋ ይገዛል። እኔ ብሆን በዚያ ገንዘብ ሰው እጋብዝበታለሁ።